የፍሬን ቱቦ ያቃናሁ ዕለት

ጨርቅ ሳይተኮስ አይለካም። ይህን ያስተማረችኝ ደሴ ላይ መርፌ ያስያዘችኝ ሴት ናት፤ አላህ ይዘንላት። ቃሏን እንደ አደራ ይዤ፣ የሰው ቀሚስ ሳላሳጥር፣ የሰው ሱሪ ሳላጠብብ፣ ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደንበኞቼ እሷ ዘንድ ለዓረፋ ብሎ ልብስ የሰጠ ለሚቀጥለው ዓረፋ ይለብሳል እያሉ ያሙኛል፤ ግን ተመልሰው ይመጣሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ጥንቃቄዬ ያዋረደኝ አንዴ ብቻ ነው። እሱም በጨርቅ አይደለም፤ በመኪና ፍሬን ነው።

ወሎን ለቅቄ አዳማ የገባሁት ባሌን ተከትዬ ነው። እሱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። የቀረውን አሥር ቀን ግቢያችን ውስጥ ከቆመች አንዲት አሮጌ ጂፕ ሥር ተጋድሞ ያሳልፋል። ጂፗ በዕድሜ ትበልጠኛለች። በሯ ሲዘጋ መስኮቷ ይወርዳል፤ መስኮቷን ስታነሺው በሯ ይከፈታል። ግን ጭቃ አትፈራም። ባሌ ሰው የሚወደድበትን ምክንያት ሲቆጥር እንኳ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ታናሽ ወንድሜን ደግሞ እናታችን ስትሞት ወደዚህ አምጥቼ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት መኪና ይጠግናል። እዚያው አንዲት ልጅ አየ። ልጅቱ ከአርሲ ደራ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ናት፤ ሰላት የማታሳልፍ፣ አፏ የታረመ፣ ሳቋ ግን ከግቢ ውጭ የሚሰማ። እኔም አየኋትና ወደድኳት። ቀረን ሽማግሌ መላክ ብቻ።

አገራችን ብንሆን አጎት አለ፣ የአባት ወገን አለ፣ ማን ይሂድ ተብሎ ጠብ ይነሳ ነበር። እዚህ ግን ዘመድ የለንም፤ ከጎረቤት መረጥን። አንደኛው የሰፈራችን ሼህ ናቸው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሦስተኛው ከቤታችን አጥር ቀጥሎ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው። በኛ በወሎ ጥምጣሙም ማዕተቡም አንድ ላይ ሲሄድ ነው ሽማግሌ የሚባለው፤ እዚህም ያንኑ አደረግን።

አስቸጋሪው የልጅቱ አባት ነበር። ለታላቂቱ ልጁ የመጡ ሽማግሌዎች ጭቃ ይዟቸው ከዙሁር በኋላ ቢደርሱ፣ ልጄን ለመጠየቅ ያረፈደ ለማኖርማ መቼ ሊነሳ ነው ብሎ ከበር መልሷቸዋል። እኛን ደግሞ በሰው በሰው ቅዳሜ ከዙሁር በፊት ኑ አለን። ወሩ ነሐሴ ነው። ቤቱ ከአስፋልት ወጥቶ በጥቁር አፈር መንገድ የሚገባ ነው፤ ሚኒባስ አይገባም፣ ባጃጅ ገብቶ አይወጣም። ሽማግሌዎቹን በእግር እንዳናስኬዳቸው የሼሁ ጉልበት የታወቀ ነው፤ ደግሞም ሽማግሌ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ የሰው ደጅ አይቆምም። እንግዲህ ተስፋችን በሙሉ ጂፗ ላይ ነበር። ባሌ ዓርብ ማታ ከጅቡቲ ሊገባና ቅዳሜ ሊነዳ ተቀጣጠርን።

ሰኞ ዕለት ወንድሜ ጂፗን ላሟሙቃት ብሎ አወጣት። ወደ ሰፈራችን ቁልቁል ስትወርድ ፍሬን ቢረግጥ እግሩ ወለል ድረስ ሰመጠ። አልሃምዱሊላህ፣ ቁልቁለቱ ሥር ገለባ የጫነ የአህያ ጋሪ ቆሞ ነበር። ጂፗ ገለባው ውስጥ ቀስ ብላ ገባች። እኔ እየሮጥኩ ስደርስ ወንድሜ መሪውን እንደያዘ ፈዝዞ ተቀምጧል፤ አህያው ደግሞ ዞሮ ከሞተሩ ክዳን ላይ ገለባውን ይበላል። ባለ ጋሪው እንኳ አልተቆጣም። መኪና ነው ወይስ ገበታ ነው ብሎ ጠየቀን።

መካኒኩ ከሥር ገብተው አዩ። ከፊት እስከ ኋላ ጎማ ዘይት የሚያደርሰው የብረት ቱቦ ዝጎ ተበስቷል አሉ። ቱቦውን ፈትተው አወጡት። ከኔ ቁመት በእጥፍ የሚረዝም፣ እንደ ግዕዝ ፊደል የተጠማዘዘ፣ ጭቃና ዘይት የተጋገረበት ነገር ነው። አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ በርዝመቱ ልክ አዲስ ገዝተሽ ነይ፣ ይሄንንም እንዳትጥይው አሉኝ። ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ በአላህ ስም እመሰክራለሁ።

ቤት ይዤው ገባሁ። እንደዚያ ቆሽሾ የሰው ሱቅ ይዤው ብሄድ የባሌ ስም ነው የሚጠፋው። በአመድና በሎሚ አሸሁት፤ አጠብኩት፤ በጨርቅ አደረቅኩት። ከዚያ ሜትሬን አወጣሁ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ የተጠማዘዘ ነገር እንዴት ይለካል? አንዱን እጥፋት ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ። የደሴዋ ሴት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ ጨርቅ ሳይተኮስ አይለካም።

ደፉ ላይ አጋደምኩት። ከታች ሣንቃ አደረግኩበት፣ ከላይ ጨርቅ ጠቀለልኩበት እንዳይጫር፣ የሙቀጫውን ዘነዘና አነሳሁና ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ከአስር ሰላት እስከ መግሪብ ፈጀብኝ። እያንዳንዷን ጉብታ በትዕግሥት ነው ያወጣሁት። ሲያልቅ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ለካሁት። ስፌት ያለ ትርፍ አይቆረጥምና አንድ ክንድ ጨምሬ ማክሰኞ ጠዋት አዲሱን ገዛሁ። ወደ ጋራዡ ስገባ አዲሱን በአንድ ትከሻዬ፣ አሮጌውን በሌላው ትከሻዬ አድርጌ ነው፤ ምርቃት ነበር የምጠብቀው።

መካኒኩ አሮጌውን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና እንደገና አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አሮጌው ነው።"

"አሮጌውማ ጠማማ ነበር።"

"አዎ፤ አቃናሁት።"

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።  ከዚያ አዲሱ ቱቦ ቀጥ ያለ ወይም ጥቅልል ሆኖ እንደሚሸጥ፣ መካኒክ አሮጌውን አጠገቡ አስቀምጦ እያንዳንዷን እጥፋት እያየ አዲሱን እንደሚያጎብጥ፣ ያ ጠማማነት ብልሽት ሳይሆን የቱቦው መንገድ እንደነበር፣ ሞተሩን የሚዞረው የት፣ ጭስ ማውጫውን የሚሸሸው የት እንደሆነ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፎ እንደነበር በለሆሳስ ነገሩኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሃያ ዓመት የሰው ልብስ ሰፍተሽ፣ ሞዴሉን ተኩሰሽ አመጣሽልኝ አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። የሰው ሸሚዝ ሞዴል ሲሰጡኝ ፈትቼ፣ በታትኜ፣ ተኩሼ ብመልስ ማን ይምረኛል?

በግምት ይሠሩታል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የራሴ መኪና ብትሆን በግምት እሠራ ነበር፤ ግን ቅዳሜ ኋላ ወንበር ላይ የምቀመጠው ሽማግሌ እኔው ነኝ አሉ። ጭስ ማውጫ የነካ ቱቦ ይግላል፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር የነካ ይቀደዳል፤ የሟች ቤት ሳይሆን የሙሽራ ቤት ነው የምንሄደው አሉኝ።

ስለዚህ የጂፗን እህት መፈለግ ጀመርን፤ እሷን የመሰለች፣ ሆዷ ሥር ያለው ቱቦ ያልተነካ ጂፕ። ረቡዕ ሙሉ ቀን በስልክ አለቀ። አንዷ ሞጆ ውስጥ አለች ተባለ፤ ስንጠይቅ ዶሮ ይተኛባታል፣ ከሥሯ የቀረ ነገር የለም። ሌላዋ መቂ ውስጥ ሽንኩርት ታመላልሳለች፤ ባለቤቱ ቱቦውን ድሮ በጎማ ቀይሬዋለሁ፣ ቀሪውን በዱዓ ነው የምነዳው አለን። ሦስተኛዋን መካኒኩ በወሬ ነበር የሚያውቋት። ደራ አካባቢ አንድ የስንዴ ነጋዴ ሰማያዊ ጂፕ አለው፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፣ የገዛ ልጆቹን እንኳ አያስነካትም አሉ።

ወንድሜ እዚያው ቆሞ ነበር። ሰማያዊ ሲባል ሰማሁት ትንፋሹን ሲውጥ።

"እታለም፣ የልጅቱ አባት ነው" አለኝ።

እንደዚህ ያለ ዕጣ ለማን ይደርሳል? የጠያቂ ወገን ሽማግሌ ሳይልክ የልጅቱን ደጅ አይረግጥም፤ ከረገጠ ዓይን አውጣ ይባላል። ወንድሜ እንዳይሄድ እሱ ራሱ ነው የሚጠይቀው። ባሌ ጅቡቲ ነው። መካኒኩን ለመንኳቸው። ሐሙስ መሬት ላይ ተጋድሜ ያየኝ ሰው ቅዳሜ ኩታዬን አጣፍቼ ብመጣ ምን ይለኛል፣ የሽማግሌ ክብር አንዴ ከጭቃ ከገባ አይታጠብም አሉ። እውነታቸውን ነው። ቀረሁ እኔ። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፤ ስለዚህ ቅዳሜ አያየኝም። ለሠርግ ብንበቃ ደግሞ ያን ጊዜ ተሸፋፍኜ አልፈዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ለባሌ በስልክ ነገርኩት። የጠየቀኝ ስለ ሽማግሌውም ስለ ሰርጉም አልነበረም። በዘነዘና ነው ያልሽኝ? አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ውዱእ አድርጌ ወጣሁ። በዘንቢሌ የልብስ ማስጫ ሽቦ ጥቅል፣ ፒንሳ፣ ሜትር፣ ሸራ፣ አራት ዓይነት ክር ይዣለሁ። አሳቤ ሽቦውን እሱ መኪና ላይ ካለው ቱቦ ጋር አስጠግቼ እያጠፍኩ ቅጂውን ማውጣት ነው፤ ወደ ላይ የሚታጠፈውን በቀይ ክር፣ ወደ ታች የሚታጠፈውን በአረንጓዴ፣ ወደ ግራ በነጭ፣ ወደ ቀኝ በጥቁር ላስር። ይህ ሥራዬ ነው፤ ከዚህ አልፈራም። የፈራሁት ምላሴን ነው። ውሸት አልናገርም ብዬ ለአላህ ቃል የገባሁ ሰው ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ እውነት ሆኖ አጭር የሆነ መልስ ስለማመድ ሄድኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ዚክር የማደርግ መስሏቸው በአክብሮት ቦታ ለቀቁልኝ።

ከአስፋልቱ ወርጄ በጭቃ አንድ ሰዓት ሄድኩ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረስኩ። ሰውየው ረጅም፣ ጢሙን ሂና የቀባ፣ ጂፑን በጨርቅ ሲወለውል ነው ያገኘሁት። በኦሮምኛ አካም ጅርቱ ብዬ ደህንነቱን ጠየቅኩት፤ ነጋ፣ ሰላም ነው ብሎ መለሰልኝና ችግሬን ጠየቀኝ። መኪናችን እንዲህ ናት፣ ቱቦዋ ተበሳ፣ ሞዴሉን በስህተት አበላሸሁት፣ መካኒኩ የእርስዎ እንዳልተነካ ሰምተው ላኩኝ አልኩ። ዋናው የፋብሪካው ቱቦ እንደሆነ ማን ነገራቸው ብሎ ጠየቀኝ። ስሟ አዳማ ደርሷል ስለው ፊቱ እንደ መብራት በራ። ይህም ውሸት አይደለም።

ግን ጥያቄው አላለቀም። ምን አስቸኮላችሁ አለኝ። ቅዳሜ ሽማግሌ የምታደርስ መኪና ናት አልኩ። ምላሴ ነው ያመለጠኝ፤ ከውሸት ስሸሽ እውነቱ ላይ ወደቅኩ።

"የኔም ቤት ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል" አለ።

ሳል ያዘኝ። ውሃ አስመጣልኝ። እየጠጣሁ ሳለ ፍሬን በሌለው መኪና ሽማግሌ ጭኖ የሚመጣ ሰው ቢያጋጥመኝ ልጅ አይደለም ዶሮ አልሰጠውም አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ከልቤም ነበር።

ጂፑን ሁለት ጥርብ ድንጋይ ላይ አወጣት። እኔ ሸራዬን ሳነጥፍ ግን ዓይኑ አፈረ፤ የሰው ሚስት ከመኪናው ሥር ተጋድማ እሱ አጠገቧ ሊንበረከክ አይሆንም። ሚስቱን ጠራት። የልጅቱ እናት ሻሿን አጥብቃ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ፣ አንድም ነገር ሳትጠይቅ አጠገቤ ሸራው ላይ ተንጋለለች። እንደዚያ ሆነን ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን የሰው መኪና ሆድ እያየን ሥራ ጀመርን። እኔ ሽቦውን አጥፋለሁ፣ ክር አስራለሁ፤ እሷ ታበራልኛለች። ከውጭ የሚታየን የሰውየው ቦት ጫማ ብቻ ነው፤ ወዲህ ወዲያ ይላል።

አምስተኛው እጥፋት ላይ ስንደርስ ባትሪውን ከቱቦው አንስታ ፊቴ ላይ አበራችብኝ።

"የዚያ ልጅ እህት ነሽ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ልጄ ፎቶውን አሳይታኛለች። ይሄ አፍንጫ በአርሲ የለም።"

 አዎ አልኳት። ከዚያ ሁሉንም፣ ዘነዘናውን ጭምር፣ ሹክ አልኳት። ሆዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች፤ ባትሪው ብርሃኑን ከጎማ ወደ ጎማ ያመላልሳል። ባሏ ከውጭ ምን ሆናችሁ ሲል አፈር ዓይኔ ገባ አለችው።

"ንገሪው አልልሽም፤ አትንገሪውም አልልሽም" አለችኝ እንባዋን ጠርጋ። "አንቺ ብቻ ሽቦሽን አጥፊ። ቅዳሜ በሰዓታቸው ይድረሱ።"

ወደ ኋላው ጎማ ስንቃረብ ቱቦው አንድ ቦታ ላይ እንግዳ ነገር አሳየኝ። ቀጥ ብሎ ይሄድና ድንገት እንደ ግመል ሻኛ ጎብጦ ወደ ጎን ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ መንገዱን ይቀጥላል። የሚዞረው ነገር ግን የለም፤ ባዶ ነው። ላልፈው ነበር። ከዚያ ማክሰኞ ትዝ አለኝ። ለኔ ትርጉም የሌለው ጠማማ ነገር ለሌላው መንገድ ሊሆን እንደሚችል በዘነዘና ተምሬያለሁ፤ ከእንግዲህ የማንንም ጉብታ አላቃናም። ሻኛውን እንዳለ አጠፍኩት፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር ክር አሰርኩበት። ስወጣ ሰውየው ሽቦውን አየና እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም አለኝ። መረቀኝም፤ ያሰባችሁት ይሙላ ብሎ። አሚን ስል የልጅቱ እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ዓርብ መካኒኩ ሥራ ያዙ። ሽቦውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ፤ ቱቦውን በለስላሳ ጠርሙስ ወገብ ላይ እያዞሩ ቀስ እያሉ ያጎብጡታል። በችኮላ ከታጠፈ ይቀጫል፣ ከተቀጨ ዘይት አያሳልፍም። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ለካ እዚህም መቸኮል የለም። ክሬን እያዩ ቀይ ምን ነበር ይሉኛል፤ ወደ ላይ እላለሁ። ሻኛው ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ይሄ ምንን ነው የሚዞረው ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም፤ እንዳለ ነው የገለበጥኩት አልኩ። ቀጥ አድርጌ ልለፈው አሉ። እኔ ነኝ ደግሞ እንቢ ያልኩት። ዓይኔን አዩና ካንቺ ጋር ቱቦ ላይ አልከራከርም፣ አይጎዳም ብለው አጎበጡት።

ሲጨርሱ የቱቦውን ጫፍ ሞርሳ በሚሉት የብረት መያዣ ውስጥ አስረው እንደ መለከት አፍ ከፈቱት፤ እንዲገጥምና ዘይት እንዳያፈስ ነው። ሁለቱንም ጫፍ ከፈቱና ላባቸውን ጠረጉ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ቱቦውን የሚያስረው ዳዶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። አፉ ከተከፈተ በኋላ ዳዶው በየት ይገባል? ላስቲክ ሳያስገቡ የቀሚስ ወገብ እንደ መስፋት ነው። ሽማግሌን ማረም ነውር ነው፤ ዝም ማለትም ኃጢአት ነው። በመጨረሻ ዳዶውን በጣቴ ወደሳቸው ገፋ አደረግኩት።

ዳዶውን አዩ። ቱቦውን አዩ። እኔን አላዩም። ጫፉን ቆረጡና እንደገና ጀመሩ። ያቺ በትርፍ የገዛኋት አንድ ክንድ ባትኖር ኖሮ አልቆልን ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ዘነዘናው ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

ቀረ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት። እሳቸው ከሥር ገቡ፤ እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ ፔዳሉን እረግጣለሁ። እርገጪ ሲሉ ረግጬ ልያዝ፣ ልቀቂ ሲሉ ልልቀቅ ነው ትእዛዙ። እኔ በረገጥኩ ቁጥር ቢስሚላህ እላለሁ፤ ደህና ነበር። አምስተኛው ላይ ግን ወንድሜ ትዝ አለኝና ረዘም ያለ ዱዓ ጀመርኩ። አሚን ስል ሳላስበው እግሬ ደግሞ ረገጠ። ከሥር ድምፅ መጣ። ሲወጡ ጢማቸው በሙሉ ዘይት ነው። ዱዓሽ ተሰምቷል፤ በቀጥታ ፊቴ ላይ ነው የደረሰው አሉኝ። ማታ ባሌ ገባ። ሻንጣውን ሳያወርድ ጂፗን አውጥቶ ያንኑ ቁልቁለት ወረደባትና ጋሪው ከቆመበት ክንድ ሲቀራት አቆማት። አህያው ቀና ብሎ አያት። ቅር ያለው ይመስለኛል።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ሄዱ። እኔ ቤት ቀረሁ፤ ወንድሜ አንድ ኩባያ ሻይ ከጠዋት እስከ ዙሁር ሲያማስል ዋለ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ባሌ ነው የነገረኝ።

ከዙሁር ሰላሳ ደቂቃ ቀደም ብለው ደረሱ። ጭቃው ጫማቸውን አልነካም። እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ቆሙ፤ የመጡበት ጉዳይ ተሰምቶ ተቀመጡ እስኪባሉ ሽማግሌ አይቀመጥም። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ ሰውየው ዓይኑ ጂፗ ላይ ነው። የሱን መኪና እህት አይቶ መቼ ሼህ ይሰማል? ፍሬኗ እንዴት ነው አለ። ጥሩ ናት አሉት። አዲሱን ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ እንደዚያው ከሥሯ ተንጋለለ። ሽማግሌዎቹ እግሩን እያዩ ቆሙ።

 ከዚያ ሰውየው ወጣ፤ አፈሩን አላራገፈም።

"ይሄን ያጎበጠው ማን ነው?" አለ።

መካኒኩ እኔ ነኝ አሉ፤ ሽማግሌ አይዋሽም።

"ምን ሊዞር?"

መካኒኩ ጎንበስ ብለው ቱቦውን አዩ።

"የኔ መኪና ላይ ድሮ ጀሪካን የሚይዝ ብረት ነበረ። ቱቦውን እሱን እንዲዞር ያጎበጥኩት በገዛ እጄ ነው፤ ብረቱን በኋላ ፈታሁት። የእናንተ ቱቦ የሚዞረው የኔን ጀሪካን ነው።"

ከጓዳ በር ጀርባ የሆነ ሰው ሳቁን ሊይዝ ሲታገል ተሰማ። ሰውየው ወደዚያ ዞር አለ፤ ተመልሶ ሽማግሌዎቹን አየ። ገባው። ሼሁ የተዘጋጁበትን ንግግር እንደምንም ተናገሩ፤ እሱም ሰማቸው። ተቀመጡ ግን አላለም። በሳምንቱ ተመለሱ፣ ስትመለሱ ያቺን ሴት ይዛችሁ ኑ አለ።

ያቺን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩ አላህ ያውቃል። ሁለት ሱሪ አጠበብኩ፤ አንድ ሸሚዝ ላይ ሁለቱንም እጅጌ በግራ በኩል ሰፋሁ። ወንድሜ አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ ይብስ ያቃጠለኝ እሱ ነው። በኔ አፍንጫና በኔ ሻኛ ልጅ ሊያጣ ነው እያልኩ ሰላት ላይ ረከዓ እረሳ ጀመር።

በሳምንቱ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆምኩ። ሰውየው እኔን ወደ ፊት ጠራኝና ዋሽተሽኛል አለኝ። አልዋሸሁም፣ ግን ያልጨረስኩት ነገር ነበር፣ ለሱም ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ። አንገቴን ደፍቻለሁ።

"እሺ፤ ይሄንን ብቻ ንገሪኝ" አለ። "ባዶ ነገር እንደሚዞር እያየሽ ለምን አላቃናሽውም?"

"አንድ ጊዜ አቃንቼ ነበር" አልኩት።

ምንድነው ያቃናሽው አለኝ። ነገርኩት። ለካ ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ ዘነዘናውን አልነገረችውም፤ ለኔ ትታልኛለች። አመዱን፣ ሎሚውን፣ እንዳይጫር የጠቀለልኩበትን ጨርቅ፣ እንደ ጧፍ ግድግዳ ላይ መቆሙን ሁሉ ነገርኩት። መጀመሪያ ጢሙ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ ትከሻው። ከዚያ የበሩን መቃን ያዘ። ሳቁ ከግቢ ውጭ ይሰማ ነበር፤ ልጅቱ የማን ልጅ እንደሆነች ያን ጊዜ ገባኝ። መካኒኩም አልቻሉም፣ ሼሁም በጥምጣማቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፤ አስተማሪው ብቻ የተለካው ስንት ሜትር መጣ ብለው ጠየቁኝ።

ሰውየው ትንፋሹ ሲመለስ ዓይኑን ጠረገና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

"ተቀመጡ" አለ።

ከሁሉም ቀድሜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ለሠርጉ የልጅቱን ቀሚስ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ተኩሼ ነው የለካሁት። አባቷ ደግሞ በዚያ ቀን ለባሌ በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ሰጠው። ቤት ገብተን ስንፈታው ያ ከጂፑ የፈታው የጀሪካን ብረት ነው፤ ዝገቱ ተፍቆ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ። ባሌ በማግሥቱ ጂፗ ሥር ገብቶ ገጠመው። መካኒኩ መጥተው አዩና በጣታቸው ለኩት፤ ሻኛው ብረቱን ሳይነካው፣ ጣት በሚያስገባ ክፍተት፣ ዙሪያውን ይዞራል።